ጭስ የሌለው ማሞቂያ

ነፋስ መውጫ፣ ጋይንት
የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ወገዳ ላለሽው ለውድ ባለቤቴ ለይታይሽ ካሴ ይድረስ።

አንቺና ያላየኋት ልጄ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አለሁ። አባትሽም ደኅና ናቸው፤ ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስትሰሚ ክው እንዳትይ ነው። ዲያቆኑ ሲያነብልሽ "ይህ የማን እጅ ነው?" ማለቱ አይቀርም። የደምሌ ነው በይው! ሦስት ወር የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደልን እንደ ወይፈን ጠምጄ ገራሁት። አሁንማ መምህሩም ሲጠፋበት እኔን ይጠይቀኛል። (አልጠየቅሁም ቢል አትመኚው።)

ለመውለድ እናትሽ ቤት እንደሄድሽ ቀርተሽ፣ "ያ ቤት በብርዱና በጭሱ ጨቅላ ይገድላል፤ ካልሞቀ አልመለስም" ብለሽ የላክሽብኝ ቃል አንጀቴን ሲበላኝ ከረመ። አስመራ ቧንቧ ሠራተኛ የሆነው ወንድሜ ይርጋ ይህን ሰምቶ፣ ከፈረሰ የጣልያን ቤት የወጣ የብረት ማሞቂያ ሰደደልኝ። ከደብረ ታቦር በወሳንሳ ለአራት ስናመጣው መንገደኛው ሁሉ ሕመምተኛ መስሎት "እግዜር ይማረው" ይላል። እኔም "አሜን፤ ብርድ ነው የያዘው" እላለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማድ ቤት በጋን ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ግድግዳውን አልፎ መኝታችን አጠገብ ካለው ብረት ይገባል፤ ብረቱ ይግላል። እሳቱ እዚያ፣ ሙቀቱ እዚህ! ቧንቧውና ብረቱ የሚገናኙት ጎሚቶ በሚሉት የታጠፈ ቁራጭ ነው። ጥርሱ አልገጥም ቢለኝ ቃጫ ጠመጠምኩበትና፣ እናትሽ አረቄ ሲያወጡ እንደሚያደርጉት እሱንም የጋኑንም አፍ በጭቃና በእበት መረግሁ። ይርጋ በላከው ወረቀት ላይ "ብረቱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አትንካ፤ መተንፈሻ ናት" ይላል። ራሴ አንብቤዋለሁ።

ትናንት ቤቱን እንዲያዩልሽ የላክሻቸው አባትሽ ደረሱ። ጎሚቶውን በከዘራቸው ቆረቆሩና፣

"ደምሌ፣ ይህ በጭቃ የተያዘ ነገር ይበረክታል?"

"አባቴ፣ ጣልያን ራሱ ቢያየው ይቀናል!"

"ይህችስ የምታፏጨው?"

"መተንፈሻው ናት።"

"ሙቀቱን ሜዳ ላይ እያፈሰሰች! እኛ ቤት አረቄ እንዲህ ቢተን ሴቶቹ ሙሾ ያወርዱ ነበር።"

አፈርኩ። "ይህማ ምን አላት!" ብዬ ቀዳዳዋን በጭቃ ደፈንኳት። ፉጨቱ ቆመ። ጥቂት ቆይተው አባትሽ ብረቱን ዳሰሱና "ሞቀ እኮ! ወላዲተ አምላክን፣ ሞቀ!" አሉ። ደረቴን ነፋሁ። ለልጃችን ከብረቱ ሥር ያነጠፍኩትን አጎዛ ላሳያቸው እጄን ስዘረጋ…

ይታይሽ፣ ነጎድጓድ ቤት ውስጥ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጎሚቶው ተፈናጥሮ አጎዛውን በሳውና መሬቱ ውስጥ ተቀረቀረ። የፈላው ውሃ ተከትሎ እዚያው ላይ ተዘረገፈ። እኛን ጠብታ አልነካንም።

አባትሽ አጎዛውን በዳር በኩል ይዘው አነሱት። ይጨሳል። ጠጉሩ ተመልጦ እጃቸው ላይ ቀረ።

"የማን መኝታ ነው አልከኝ?"

አላልኳቸውም ነበር። እኔ፣ ሠርግ ቤት አዝማሪ አፍ የማስይዘው ደምሌ፣ "የልጃችን" ብቻ ብዬ ጎሚቶውን ከመሬቱ ልነቅል አጎነበስኩ። ጠዋት "ወረቀት አደርሳለሁ እንጂ ይህን በአፌ አልነግራትም። ተምሬያለሁ ካልክ አንተው ጻፍላት" አሉኝ። ይኸው በቅሏቸውን ጭነው ደጅ ይጠብቁኛል።

ዛሬ "ቤቱ ሞቋል፣ ነይ" ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። እምቢ ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

እኔው እመጣለሁ። ክርስትናዋን እዚያው እናነሣለን፤ ክረምቱንም የአባትሽን መሬት እያረስኩ እከርማለሁ። አማቱ ቤት የገባ ወንድ ይበሉኝ። ስደርስ ግን ልጅቱን ቶሎ እንዳታስታቅፊኝ። መጀመሪያ አንቺው ይዘሽ አሳዪኝ።

የቤተ ልሔሟ እመቤት ሁለታችሁን ከእቅፏ አታውጣብኝ።

ባልሽ ደምሌ ታፈረ