ስማቸው የተፋቀ ምሳሌዎች

ጥር 14

ባርናባስ ሰረቀኝ። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ሐምሌ ላይ «ለአንድ ሳምንት» ብሎ የወሰደው ደብተሬ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተባዝቶ ሲሸጥ አገኘሁት። «የዘይቤ ዓይነቶች፤ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች። አዘጋጅ፦ መምህር ባርናባስ ተክለ ማርያም።» እቤቴ አስቀምጬ ግጥም ማንበብ ያስተማርኩት ልጅ! አሁን ዳባት መምህር ሆኗል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ዘይቤ የለቀምኩት ከሰው አፍ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከእያንዳንዱ ምሳሌ ጎን የተናጋሪውን ስም ጽፌ ነበር። አነጻጻሪ፦ «ብርዱ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ በር ይደበድባል» — ደርቤ፣ የጃናሞራው ገብስ ነጋዴ። ምጸት፦ «ጎበዝ በቅሎ! ጭነቱን ቀድማ አደረሰችልን» — ወልደ ሩፋኤል፣ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ በቅሎው ጆንያውን ገደል ስትሰድበት።

ምሳሌዎቹ አሉ። ስሞቹ የሉም። የሙሉወርቅም የለም… ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ስሟ የተጻፈው መቃብሯ ላይና እዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ጥር 15

ከቤት አልወጣሁም። ከማንም ጋር አላወራሁም። ከማን ጋር ላወራ?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ዳባት ወረድኩ። ባርናባስ በር ላይ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ጋሼ ይስማው! ይግቡ እንጂ… ስምዎን አስገባለሁ። የአታሚው ስህተት ነው።»

«የኔን ስም መች ጠየቅሁህ? ደርቤ የት ሄደ? ሙሉወርቅስ?»

«ምሳሌ እኮ የሕዝብ ነው ጋሼ።»

«ሕዝብ መቼ ነው ምድጃዬ ዳር ተቀምጦ የተናገረው?»

«ተማሪው የሚፈተነው ዓይነቱን ነው። ማን እንዳለው አይጠየቅም…»

ምሳ ቀረበ። አልቀመስኩም። ሚስቱ እጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄ ነው የወጣሁት።

ጥር 22

ሠርካለም መጣች፣ ጎረቤቴ። አዘቦቱን ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሥነ ጽሑፍ ትማራለች። «ጋሼ፣ ነገ ፈተና አለብኝ። ይችን ያስረዱኝ።» የያዘችው ያንኑ ወረቀት ነው። የኔ መሆኑን አታውቅም። አልነገርኳትም።

ጣቷን «ሰውኛ» የሚለው ላይ አሳረፈች። ምሳሌው የሙሉወርቅ ነው፦ «ከአንተ ይልቅ ጉልቻው ያዋራኛል።»

«ጉልቻ ድንጋይ ነው፤ አያወራም። ግዑዙን እንደ ሰው ስታደርጊው ሰውኛ ይባላል» አልኳት።

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ይች ሴትዮ ለማሳመር ያለችው አልመሰለኝም። የምታዋራው ሰው አጥታ ከጉልቻው ጋር ታወራ ነበር ማለት ነው። የሆነውን ነው የተናገረች።» ሳቅ አለች። «ምን ዓይነት ደረቅ ባል ቢገጥማት ነው ጋሼ?»

«መልሱ ሰውኛ ነው፤ እንደዚያ ጻፊ» አልኳት። ተቆጥቼ መሰለኝ። ቶሎ ሄደች።

ሙሉወርቅ ያን ያለች ቀን ምሳ ላይ ነበርን። ተናገረች። እጄን እንኳ ሳልታጠብ እርሳስ አነሳሁ። «ግሩም ሰውኛ!» አልኳት። ትሪውን አንስታ ወጣች።

ጥር 23

ያኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ የሙሉወርቅ ድምፅ ከወጥ ቤት ይሰማኝ ነበር። ጎረቤት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ተነስቼ ማን እንደመጣ አንድ ቀን አላየሁም።

ማንም አልመጣም ነበር?

የካቲት 1

ባርናባስ መጣ። አዲስ ወረቀት ይዞ።

«የድሮውን ሰብስቤ አቃጠልኩት ጋሼ። ይዩት።»

አገላበጥኩ። ደርቤ አለ። ወልደ ሩፋኤል አለ፣ ከነበቅሎዋ። ሰውኛ ላይ ስደርስ ሙሉወርቅ አለች። እርሳስ አንስቼ ምሳሌዋን ሰረዝኩ።

«ምነው ጋሼ! ለእሳቸው ብለው አይደል የተቆጡኝ?»

«ሰውኛ አይደለም።»

«ታዲያ የት ላግባው?»

«የትም አታግባው። ምሳሌ አይደለም።»

ግራ ገባው። አላብራራሁለትም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ስድስት ዓመት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የማበስለው። ጉልቻዎቹ መካከል እንጨት አነደድኩ። ጭሱ አቃጠለኝ። ሽሮ ጣድኩ፤ አረረብኝ። ባርናባስ «ግሩም ሽሮ! ጋሼ፣ ይቺስ ምጸት ናት» አለ፣ እየጎረሰ። አብረን በላን።

«እናትህ እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። እናት እንዳለችው ጠይቄው አላውቅም ነበር። ብዙ አወራ። መሃል ላይ ስለ ጉልበቷ ሕመም አንዲት የምታምር አነጋገር ተናገረ። እርሳሴ ጎኔ ነበር። አላነሳሁትም።

ሲወጣ «ጋሼ፣ ስለዚያ ነገር…» ሊል ነበር። «በቃ» አልኩት።

በቃ ብያለሁ። ስለ ደብተሩም፣ ስለ ጉልቻውም ከእንግዲህ ከአፌ ቃል አይወጣም። ለባርናባስ፣ ለሠርካለም፣ ለማንም። እዚህም አልጽፈውም።