የሐሙሱ ፕሮግራም

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ቅጽ ተከምሮ ጠበቀኝ። እጃቸውን የሰጡ የጠላት ተዋጊዎች የሞሉት። "ሬዲዮአችንን ትሰማ ነበር?" ለሚለው ሠላሳ ስምንቱ "አዎ" ብለዋል። ያ "መሣሪያችሁን ጥላችሁ ኑ" እያልን ለጠላት የምናስተላልፈው ስርጭት ማለት ነው። መሥራት አለመሥራቱን መለካት የእኔ እንጀራ።

ኮሎኔሉ ፊቱ በራ። ሁሉን ነገር መቶ በመቶ ስለሚል፣ በሌለበት "መቶ በመቶ" ነው የምንለው።

"እህቴ፣ ዓርብ ለጄኔራሉ ይቀርባል። አሳምረሽ ጻፊው።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ለካ ሪፖርቱ ለመደርደሪያ አይደለም! ሰሚው ብዙ ከሆነ ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ አይዋጋም ተብሎ፣ ጦሩ ያለ መድፍ ሊገባ ነው። ቀድሞ የሚገባው ታናሽ ወንድሜ ያለበት ሻለቃ ጦር።

ምሳዬን ትቼ ቅጾቹን እንደገና ገለጥኩ። ለመሆኑ ሠላሳ ስምንት ሰው ሬዲዮ ከየት አመጣ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ምርኮኞቹ ያሉበት ሄድኩ። ቅጹን የሚያስሞላቸው መቶ አለቃ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞታል። ሽጉጥ ፊት ማን "አልሰማሁም" ይላል? አንድ ጥያቄ ጨምርልኝ አልኩት... "የሐሙሱን የቀልድ ፕሮግራምስ ትሰማ ነበር?"

"እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለን እንዴ?"

"የለንም።"

እንደ እብድ አየኝ። ግን ጠየቀ።

ሠላሳ ስድስቱ "አዎ"! አንዱማ "በሳቅ ነበር የሚገድለን" ብሏል። እኔም በሳቅ ፈረስኩ። ኋላ እንባዬ መጣ።

መቶ አለቃው ሲወጣ አንዱን ጎልማሳ ለብቻው አዋራሁት።

"እናቴ ታማብኝ ነው እጄን የሰጠሁት፣ እህት ዓለም። ሬዲዮ ያለው አዛዡ ጋ ብቻ ነው።"

"ከተማው ውስጥ የቀሩትስ?"

"እነሱማ ምሽግ ቆፍረው እየጠበቋችሁ ነው።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

"መቶ በመቶ" ጠረጴዛ ደበደበ። "የሁለት ዓመት ልፋታችንን ገደል ልትከቺው? ወንድምሽ እዛ ስላለ ነው!"

አዎ፣ ስላለም ነው። ምን ልዋሽ? ግን የሌለ ፕሮግራም ሰምተናል ያሉትን ሰዎች እኔ አልፈጠርኳቸውም። በሠላሳ ስምንቱ አልፈርምም አልኩ። የሐሙሱን ጥያቄ መልሶችም ከቅጾቹ ጋር አያያዝኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ጄኔራሉ ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለበጡ።

"ይሄ የሐሙስ ፕሮግራም ስለምንድን ነው?"

"ስለምንም፣ ጌታዬ። የለም።"

ኮሎኔሉ ጫማውን ያያል። ጄኔራሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጦሩ ባለበት ይቆይ። መጀመሪያ ቃኚ ይላክ።"

እፎይ! መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ቃኚዎቹ ተመለሱ። ድልድዩ ላይ ፈንጂ ተጠምዷል፣ ምሽጉ ሙሉ ነው። "መቶ በመቶ" ዛሬ ሲያልፍ "ደህና አደርሽ፣ እህቴ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። ስለ ቃኚዎቹ ገና አልሰማም። ተናዷል።

"ጓዛችንን ሸክፈን አስቀሩን እኮ! የትኛው የቢሮ አይጥ ነው ያስቀረን? ሻለቃው በሙሉ ሲረግመው ነው የሰነበተው።"

"እኔ እንጃ።"

"ምን ያስቅሻል?"

አልነገርኩትም። ይርገመኝ፣ እስኪበቃው ይርገመኝ። ድምፁን እኮ ሰማሁ... ወፍራም ካልሲ ላኪልኝ አለ። ሦስት ጥንድ ገዛሁ።