ውሃ የሌለበት ባሕር፦ የመምህርት ኤቢሴ ጫምሳ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ኤቢሴ ጫምሳ ከአባታቸው ከአቶ ጫምሳ ዱጋሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ ሐዲስ በ1957 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ማናሴ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ሁለቱ በአንድ ሳህን በልተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተው ያደጉ ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት፣ ኤቢሴ የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ማናሴ ከሐይቁ ዳር ቆሞ “ልብሴን ያዢልኝ፣ አሁን መጣሁ” ብሏቸው ገባ። አልወጣም። ሰፈሩ ጮኾ ሲደርስ ኤቢሴ ሸሚዙን በደረታቸው አቅፈው ውሃውን እያዩ ቆመው ተገኙ። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር አሉ የደረሱት ሰዎች፤ እሱ እስኪወጣ ድረስ እሳቸውም ላይተነፍሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ በዚያ ቤት አልተበላም፤ የሐይቁም ስም በእናታቸው ፊት አልተነሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ኤቢሴም አድገው፣ ወልደው፣ ለጥምቀት እንኳ ጠበል ሲረጭ ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ ነበር የሚቆሙት። እኛ ልጆቻቸው በዚህ እንስቅባቸው ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅን ቀን ግን ሳቃችን ቀረ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቢሾፍቱ አጠናቀው፣ ከመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም በ1977 ዓ.ም. ተመርቀው በሁሩታ የሳይንስ መምህርት ሆነው ተመደቡ። በ1980 ዓ.ም. በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ልዑልሰገድ ወልዴ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ኑሯቸውን አዳማ ላይ አደረጉ፤ ማርቲንና ሙሉብርሃንንም አፈሩ። ባለቤታቸው በአንድ ጉዟቸው ከባሕሩ ዳር የነጣ የኮራል ስባሪ ይዘውላቸው መጡ። ድንጋይ መስሏቸው ቡፌ ላይ አስቀመጡት። ኮራል ድንጋይ ሳይሆን በባሕር ወለል የሚያድግ፣ ሲሞት የሚነጣ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን ከዓመታት በኋላ፣ በክረምት መርሐ ግብር ለባዮሎጂ ዲግሪ ሲማሩ አወቁና ለባለቤታቸው “አንተ ሰው፣ የባሕር ፍጡር ሬሳ ነው እኮ ቤቴ ያስቀመጥከው!” አሏቸው። ከዚያ በኋላ ስባሪው ከቡፌው ወርዶ ወደ ክፍል ገባ፤ ተማሪ ሁሉ እየዳሰሰው ያለፈ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ።

በ2011 ዓ.ም. በሶፍትዌር ሙያ የተሰማራችው ልጃቸው ማርቲ፣ ስልክ ውስጡ ገብቶ ዓይን ላይ የሚጠለቅ የቪአር መነጽር እናቷ ለሚያስተምሩበት የአዳማ ትምህርት ቤት አመጣች። መነጽሩን ያጠለቀ ልጅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ዓሣ ማጥመድና መልሕቅ መጣል በሕግ የተከለከለበት፣ ኮራሉ እንደ አበባ እርሻ የደመቀበት ጥብቅ የባሕር ክልል ውስጥ ይዋኛል። ቀጥሎ ደግሞ ጠባቂ ያጣ ባሕር ያያል፤ እንደ ቡፌው ስባሪ የነጣ። ከሰባተኛ ክፍል አንዱ ተማሪ “ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?” ቢላቸው፣ “የአባትህን ጤፍ ያበቀለው ዝናብ ከየት የተነሳ መሰለህ?” ብለው መለሱለት። አብያታ ሐይቅ እንዴት እየሸሸ እንደሄደም ከዚያው አያይዘው አስተማሩ።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። መነጽሩን በየልጁ ዓይን ላይ የሚያስተካክሉት መምህርት ራሳቸው አንድም ቀን አጥልቀውት አያውቁም ነበር። ውስጡ ያለውን የሚያውቁት ማርቲ ከነገረቻቸውና ከመጽሐፍ ካነበቡት ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በሚያቃጥልበት ከሰዓት፣ ተራው ለተማሪዋ ለጂጂ አብዱልመናን ደረሰ። ሌሎቹ ልጆች መነጽሩን ሲያጠልቁ ይስቁ፣ ይጮኹ ነበር፤ ጂጂ ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመ። ከዚያ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወደቀች። መምህርት ኤቢሴ መነጽሩን ከፊቷ ሲነቅሉት ከንፈሯ ጠቁሯል። “ተንፍሺ! ልጄ ተንፍሺ!” የሚለው ጩኸታቸው እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰማ። በባጃጅ ክሊኒክ እስኪያደርሷት ጭንቅላቷን ከደረታቸው አላነሱም።

ልጅቷ መንገድ ላይ ነቃች። ሐኪሙ ምን እንደሆነች ቢጠይቃት “ውሃ ውስጥ ስለነበርኩ ትንፋሼን ያዝኩ” አለችው። ሐኪሙም ነገሩ ይኸው ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ነገር ግን ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ገበያ ደርሷል፤ “መምህርቷ ልጆቹን በመነጽር ጋኔን እያስያዘች ነው” ተባለ። ወላጆች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የጂጂ አባት የእህል ነጋዴው አቶ አብዱልመናን መነጽሩ ይሰበር፣ መምህርቷም ከክፍል ትውጣ አሉ፤ አብዛኛው ወላጅም ከእሳቸው ጋር ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የማስተማር ዘመናቸው በአንድ ስብሰባ ሊያበቃ ሆነ።

መምህርት ኤቢሴ የሐኪሙን ቃል አስረዱ፤ የሰማቸው የለም። አቶ አብዱልመናን ተነሥተው “እትዬ ኤቢሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄን ያስገቡበት ቦታ እርስዎ ገብተው ያውቃሉ?” አሏቸው።

መዋሸት ይችሉ ነበር። “አላውቅም” አሉ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ያኔ መነጽሩን ከጠረጴዛው አነሡና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አጠለቁት።

ጫጫታው ቀስ በቀስ ሞተ። መምህርት ኤቢሴ አልተንቀሳቀሱም፤ ደረታቸውም አልተንቀሳቀሰም። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ፊታቸው ቀላ። ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ማንም ግን ሊነካቸው አልደፈረም። ከአባቷ ጎን የነበረችው ጂጂ ሮጣ ሄዳ እጃቸውን ያዘችና “ቲቸር፣ ይተንፍሱ፤ ውሃ የለም” አለቻቸው።

ተነፈሱ። ፊልሙ እስኪያልቅ ከባሕሩ አልወጡም፤ እንባቸው ከመነጽሩ ሥር እየወረደ ዞረው ዞረው፣ ታች ታቹን አዩ። ሲያወልቁት “ምን አዩ?” ተባሉ። “ወንድሜን ፈልጌው ነበር” አሉ። “እዚያ የለም።”

አቶ አብዱልመናን መነጽሩን ተቀብለው አጠለቁ። ወዲያው ጉንጫቸው እንደ ፊኛ ተነፋ። ጂጂ “አባ፣ ተንፍስ እንጂ!” ብላ ስትጮኽ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም “ያ ረቢ!” ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። መነጽሩ አልተሰበረም። ከዚያ ዕለት ወዲህ በመምህርት ኤቢሴ ክፍል ባሕር የሚገባ ተማሪ እጁን የሚይዝለት ጓደኛ ሳይኖረው አይገባም፤ የያዘውም ልጅ “ተንፍስ፣ ውሃ የለም” ይላል። ይህ ሥርዓት ጡረታ ከወጡም በኋላ በትምህርት ቤቱ ቀጥሏል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በመጨረሻ በኦክስጅን እርዳታ አዳማ ሆስፒታል ተኙ። ጂጂ የነርስነት ተማሪ ሆና ለተግባር ልምምድ እዚያው ክፍል ተመድባ አገኟት፤ ወይም እሷ አገኘቻቸው። ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር እጃቸውን ይዛ “ቲቸር፣ ይተንፍሱ” ትላቸው ነበር፤ እኛ ልጆቻቸው ስንለምናቸው የማይታዘዘን ደረት ለእሷ ይታዘዝ ነበር።

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ ላይ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ መስኮቱ አዩና “ልብሱን ይዤዋለሁ” አሉ። ጂጂ እንደወትሮው እጃቸውን ያዘች። በዚህ ጊዜ ግን “ይተንፍሱ” አላለቻቸውም። በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መምህርት ኤቢሴ ባለቤታቸውን አቶ ልዑልሰገድን፣ ልጆቻቸውን ማርቲንና ሙሉብርሃንን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና በየከተማው የተበተኑ፣ ባሕርን በእሳቸው እጅ ያዩ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። አምላካችን ትንፋሿን ይዛ ለቆመችው ለዚያች የአሥር ዓመት ልጅ ዕረፍት ይስጥልን፤ ከወንድሟ ከማናሴ ጋር ያገናኝልን፤ ለቀረነውም እጃችንን የሚይዝ ሰው አያሳጣን። አሜን።