ለዓይነ ስውሩ አባቴ የንክኪ ስክሪን ለመረጡልን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ አያሌው
የዕደ ጥበብ ወዳጆች ማኅበር የመሣሪያ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ንግግር የሚያደርጉበት ጉሮሮዎ፣ ሪባን የሚቆርጡበት እጅዎ፣ በተለይም ስልክ የሚያነሱበት ጆሮዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና አባቴ አቶ አዳነ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከኮሚቴዎ ርዳታ ተርፈን መርሳ ላይ በሰላም አለን።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት ማኅበርዎ ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ «ኮሚቴያችን በመረጠው ዘመናዊ መሣሪያ አንድ ዓይነ ስውር አባት ባቡር ለመንዳት በቅተዋል» የሚል ዜና ከእርስዎ ፎቶ ጋር በማውጣቱ ነው። ከዜናው ውስጥ እውነት የሆነው የአባቴ ዓይነ ስውርነት ብቻ ስለሆነ፣ የጎደለውን እንድሞላ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአዲስ አበባ መቀሌ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶ ሲጨርሰው ከመኪናቸው ወርደው ቤት ዋሉ። ወንበራቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለዩ «ይሄ ከባድ ጭኗል፣ ያኛው ፍሬኑ አልቋል» ማለት ሆነ ሥራቸው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ሜላት ይህን ስትሰማ በጠረጴዛ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ያገለገለ የሞዴል ባቡር ከነሐዲዱ ገዝታ በሰው ላከችላቸው። ጎረቤታችን አናጢው ናስር ሰፊ ጠረጴዛ ሠራላቸው፤ አንዱን ጫፍ ወልድያ፣ መካከሉን መርሳ፣ ግድግዳው ጋ ያለውን ጠባብ ኩርባ ግራና ብለው ሰየሙት። አባቴ ሐዲዱን በጣታቸው ደጋግመው ዳስሰው በቃላቸው ያዙት።

ባቡሮቹ ግን ሁለት ነበሩ። ከሐዲዱ ጋር የመጣው አሮጌ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲለቅ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፣ ሲያቋርጥ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። አባቴ የፈለጉት ደግሞ አንዱ መርሳ ላይ ሰው ሲጭን ሌላው ወደ ግራና እንዲያልፍ ነበር። ይህን የሚያደርገው ዲጂታል የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። በየባቡሩ ሆድ ውስጥ ትንሽ ሰርኪት ይገባል፤ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ ትእዛዙም በዚያው ሐዲድ በኩል ሄዶ የተጠራውን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ባቡሮቹ የየራሳቸውን ድምፅም ያሰማሉ። ይህ ለማያይ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ ለማስረዳት አልደፍርም።

ማኅበርዎ ይህን ሰምቶ መሣሪያውን ገዝቶ እንደሚሰጠን ቃል ገባ፤ እኛንም በዓመታዊ ኤግዚቢሽኑ ላይ ባቡሩን እንድናሳይ ቃል አስገባን። መሣሪያውን የሚመርጠው ግን ኮሚቴው ነው ተባለ። እነሆ ቅሬታዬ፤ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ ማለቴ ነው።

አንደኛ። ለምርጫው ጥናት ቤታችን ድረስ ስለ መጡ አመሰግናለሁ። አባቴ ክንድዎን ሊነኩ በሚችሉበት ቅርበት ተቀምጠው ሳለ ወደ እኔ ዞረው «አባትየው ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ራሳቸውን ይጠይቋቸው ብልዎት ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው «አባባ! ይሰማሉ?» ብለው ጮኹ። አባቴ ፈንጠር አሉና «ጌታዬ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው» አሉዎት። ከዚያም በትዕግሥት የሚፈልጉትን ነገሩዎት። «በእጄ የሚዞር ነገር ይሁን። ዜሮ ላይ ሲደርስ ይያዝ፣ ባቡሩ መቆሙን እጄ እንዲያውቅ። የድንገት ማቆሚያው ጎላ ብሎ ለብቻው ይቀመጥ። ሌላ አልፈልግም፣ ጀማሪ ነኝ።» እርስዎም «ተመዝግቧል» ብለው ተነሡ። የት እንደ ተመዘገበ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ሁለተኛ። በባቡሮቹ ሆድ ከተገጠሙት ሰርኪቶች ጋር የመጣው መሣሪያ ትሪ የሚያክል የንክኪ ስክሪን ነበር። አንድም የሚዞር ነገር፣ አንድም ጎላ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ዳር እስከ ዳር ልሙጥ መስታወት። የተሠራው እጅግ ብዙ ባቡር ለሚያሰማራ ሰው መሆኑን ካርቶኑ ራሱ ይናገራል። ደንግጬ ስደውልልዎ «እህቴ፣ ዘመኑ የንክኪ ነው፤ ቁልፍ ማዞር ኋላ ቀርነት ነው» አሉኝ። አባቴ እንደማያዩ ሳስታውስዎትም «ታዲያ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ» አሉ። እዚህ ላይ ያለዎትን አርቆ አሳቢነት ሳላደንቅ አላልፍም፤ እኔ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቄን ዘግቼ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ሳነብ መዋሌን አስበውልኛል። አባቴ መስታወቱን በመዳፋቸው ሲዳስሱት ባቡሩ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንዴ መብራቱን ያበራል። ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ ይሄ መስኮት ነው እንዴ? መያዣው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ሦስተኛ። በመሣሪያው አጠቃቀም ላይ ሥልጠና ተሰጥቷል። ሠልጣኞቹ የኮሚቴው አባላት ነበሩ። ምሳው ጥሩ እንደ ነበር ሰምተናል።

አራተኛውን ሳልሳለቅ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የኤግዚቢሽኑ ዕለት ወልድያ ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ናስርም ጠረጴዛውን ከነሐዲዱ አጓጉዞ ተክሎታል። አባቴ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከሚኒባሱ እስከ አዳራሹ በር ክንዴን ይዘው፣ «መስታወቱ ላይ የማስነሻዋን ቦታ በጣቴ ለይቻለሁ፣ አላሳፍርሽም» እያሉ መጡ። እርስዎ ግን ከጠረጴዛው ርቆ በተቀመጠ ወንበር ላይ አሳርፈዋቸው የአበባ ጉንጉን አጠለቁላቸው። ከዚያም መሣሪያውን ከራስዎ ስልክ ጋር አገናኝተው ባቡሩን ሊነዱ ራስዎ ቆሙ። የተነሣችው አረንጓዴዋ ነበረች፤ አባቴ በሟች እናቴ ስም የሻረግ የሚሏት።

እሷ በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ ስልክዎ ጠራ። የደዋዩ ስም የስልኩን ስክሪን ሸፈነው፤ የባቡሯ ፍጥነት መቀነሻ ከሥሩ ተደበቀ። እርስዎም ስልኩን ጆሮዎ ላይ አድርገው «አቤት፣ መድረክ ላይ ነኝ፣ ግን ቀጥል» አሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ቀድሞ ያወቀው የማያየው ሰው ነበር። አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ቀንሱ! ኩርባው ላይ እየደረሰች ነው፣ ቀንሱ!» ብለው ጮኹ። እርስዎ በባዶው እጅዎ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጧቸው። ምልክት ነው የሰጧቸው፣ ክቡር ሆይ።

የሻረግ ከግራና ኩርባ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። አባቴ ጉንጉኑ አንገታቸው ላይ እንዳለ ተንበርክከው ስብርባሪዋን በሰው እግር መካከል በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር። እኔና ናስር አጠገባቸው ደርሰን ስናነሣቸው፣ እርስዎ ስልክዎን ጨርሰው መጡና ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «አይዞዎት አባባ፣ መጫወቻ ናት» አሉ።

ናስር ቀፎዋን በሙጫ አያያዘው፤ ሞተሯ ግን አልተረፈም። አባቴ ወንበራቸውን ወደ አስፋልቱ መልሰው አዞሩ። ላጫውታቸው ብዬ «ይሄ የሚያልፈው ምንድን ነው አባባ?» ስላቸው «መኪና ነዋ» ይሉኝ ጀመር። ከዚያ በላይ አይናገሩም። ባቡሩ ያለበትን ክፍል በር ዘጉት፤ ምግብም ቀነሱ። ይህም በዜናዎ ውስጥ ቢገባ መልካም ነበር።

ያዳነችን ኮሚቴ የሌላት እህቴ ናት። ሜላት የእረፍት ቀኗን ጠብቃ እነዚህ ነገሮች የሚሸጡበት ሱቅ ገባችና ደወለች። አባቴ «ተዪኝ እስቲ» አሉ፤ እኔ ግን ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ አንዱን ይዤዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው» አለች።

«ቀለሙ ምን ይሠራልኛል? ዓይንሽን ጨፍኚና ንገሪኝ» አሉ አባቴ።

«እሺ፣ ጨፈንኩ።»

«ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«ዜሮው ላይ ይይዛል?»

«አይይዝም አባባ፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።»

«አስቀምጪው።»

እንዲህ እያለች መደርደሪያውን አዳረሰችው። አባቴ መጀመሪያ ወንበሩን ተደግፈው ነበር፤ እየቆዩ ወደ ስልኩ አጎነበሱ። በመጨረሻ የሜላት ድምፅ ተለወጠ። «አባባ፣ ይሄ በአንድ እጅ ይያዛል። ሲዞር መጨረሻው ላይ ቀጥ ይላል። ማቆሚያው ከላይ ብቻውን ነው፣ ጉብ ብሏል፣ አውራ ጣቴ ራሱ አገኘው። ባቡሮቹ ውስጥ ካለው ሰርኪት ጋርም ይግባባል። ግን ሻጩ ይሄ የጀማሪ ነው፣ ከጥቂት ባቡር በላይ አይችልም ይላል።»

«እኔስ የምድር ባቡር ሹም ነኝ?» አሉ አባቴ፤ ሳቁም። ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ ሳቃቸውን የሰማሁት ያኔ ነው።

ዛሬ አባቴ በግራ እጃቸው መርሳ ጣቢያን ዳስሰው፣ በቀኛቸው ያችን ትንሽ መቆጣጠሪያ ይዘው ይነዳሉ። ሜላት አንዲት ያገለገለች ባቡር ጨምራ ስለ ላከች ሁለቱ ባቡሮች በየተራ ያልፋሉ። በገበያ ቀን ከግራና የሚመጡ ሰዎች ጎራ ይላሉ። አበበች የምትባል እንቁላል የምታመጣልን ሴት ባለፈው ቆማ አየችና «የእውነቱስ መቼ ይመጣልን ይሆን?» አለች። አባቴም «እስኪመጣ መሳፈር ልመጂ» አሏት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ለዚህ ውጤት የእርስዎ ኮሚቴ ያደረገው አስተዋጽኦ አንዲት ባቡር መስበር ስለሆነ፣ ዜናው በዚሁ መሠረት እንዲታረም እጠይቃለሁ። «በመሣሪያው ምርጫ ስለ ተባበሩን የምስጋና ምስክር ወረቀት እንስጥዎ፣ አባትዎን ይዘው መድረክ ላይ ይቅረቡ» ብለው የላኩልኝ ጥሪም ደርሶኛል። ምስክር ወረቀቱን ለስልክዎ ይስጡልኝ፤ በዕለቱ ከሁላችሁም በላይ የሠራው እሱ ነው። ስክሪኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። አልወለወልኩትም፤ በመጨረሻ ያረፈበት የጣት አሻራ የእርስዎ ስለሆነ ንብረትዎን መድፈር አልፈለግሁም።

የሚቀጥለው ምርጫዎ፣ ለመስማት የተሳነው ሰው ሬዲዮ እንዳይሆን እየጸለይኩ፣ አክብሮቱን ለሌላ ቀን አቆይቼ፣

ቃልኪዳን አዳነ
ከመርሳ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለአባቴ ባነብላቸው «በዛ ልጄ፤ ሰው ይሳሳታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይምጡና አብረን እንንዳ በያቸው» ብለው አዘዙኝ። የአባት ትእዛዝ ነውና ጽፌዋለሁ። ጋባዡ እርሳቸው ናቸው፤ በሩን የምከፍተው ግን እኔ ነኝ። ስክሪንዎን ይዘው ይምጡ፤ እኔ ነጠላዬን ይዤ ደጃፍ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ዓይንዎን ጥብቅ አድርጌ አስሬ አስገባዎትና፣ ከወልድያ እስከ ግራና ይነዱልናል።