«ገላግለኝ»

ጥር 6
የአባባን አንሶላ ቀይሬ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ስመለስ ያው ማቃሰት። በየአራት ሰዓቱ የሞርፊን ሽሮፕ ታዞለታል፤ የምትሰጠው ታላቅ እህቴ እትዬ ናት፣ ደቂቃ አታዛንፍም። ታዲያ ምነው አልሠራ አለ? ነቀርሳው አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ታገሱ ይሉናል ሐኪሞቹ። ታግሼ ታግሼ አንጀቴ አረረ።

ጥር 9
ገላውን ሳብሰው እጁን እጄ ላይ ጣል አደረገ። «ልጄ፣ አንተ አትጨክንብኝም። ገላግለኝ።»
አርባ ዓመት በርና መስኮት የገጠመ እጅ... ጣቴን እንኳ መጨበጥ አቃተው።
«እሺ» አልኩት። ምን ማለቴ ነው? ዝም እንዲል ብዬ? ወይስ የምሬን?

ጥር 10
ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «አንድ ጊዜ አብዝተው ይስጡትና ይረፍ» አልኩት።
«እሱን አላደርግም። ሕመሙን ግን ማስታገስ እንችላለን።»
«ታዲያ ያስታግሱታ፣ ምን ይጠብቃሉ?» ጮህኩበት። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። አፈርኩ... ግን ከልቤ ነው። ሰው ሲንገበገብ እያዩ ምንድነው ደግነቱ?
ቤት ድረስ ነርስ እልካለሁ አለ።

ጥር 12
ነርሷ መጣች። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አየችው። «ይሄ እኮ ባለፈው ሳምንት ማለቅ ነበረበት።»
እትዬ አንገቷን ደፋች። ለካ ከታዘዘው ግማሹን ነበር የምትሰጠው! «ለክፉ ቀን ብዬ ነው... አሁን ከለመደው፣ ሲብስበት በምን እንይዘዋለን?»
«ከዚህ የከፋ ቀን አለ እንዴ?» አልኳት። አለቀሰች። ላዝንላት ይገባ ነበር፣ አላዘንኩም።
ነርሷ ግን አጠገቧ ቁጭ አለች። «ሲብስበት መጠኑን እንጨምርለታለን፣ እህቴ። ማን ቆጥቡ አላችሁ?»
እኔስ? ዶክተር ላይ ስጮህ አንድ ቀን ጠርሙሱን አይቼዋለሁ? በራሴ ነው የተናደድኩት።

ጥር 14
አባባ የታዘዘለትን ሙሉ መጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ዛሬ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። እትዬና እኔ ግን አንነጋገርም።

ጥር 17
መሞቱ አልቀረም። ዶክተሩ የሳምንታት ጉዳይ ነው ብሏል። ዛሬ ግን አባባ መስኮቱን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና «ይሄን ማጠፊያ የትኛው ደንቆሮ ነው የገጠመው?» አለ።
«አንተ ነህ» አለችው እትዬ። ሦስታችንም ሳቅን።
እሷ ስትወጣ ጠራኝ። «ያን ያልኩህን ነገር... ትተኸዋል አይደል?»
«ትቼዋለሁ፣ አባባ።»
«ተመስገን» አለ። «እሺ ካልከኝ ጀምሮ፣ በገባህ ቁጥር ምን ይዞብኝ መጣ ብዬ እጅህን ነበር የማየው።»