ሰው እያለበት «ተጠናቋል» ስለተባለው የጀብራ ቤት

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.
(ኮምፒውተሩም እንዲገባው፣ በፈረንጅ 21/2/2007)

ለክቡር አቶ ወልደሥላሴ ምንዳዬ
የጥላ መረዳጃ ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ
ቡሪ፣ ካርቱም

ጉዳዩ፦ በአዲሱ የፕሮጀክቶች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በስሕተት ተዘግቷል የተባለው የጀብራ የሴቶች መጠለያ ቁልፉ ከመወሰዱ በፊት ውሳኔው እንዲነሣልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሉጥፊያ ሙሐመድአወል እባላለሁ። ትውልዴ ወሎ፣ ከሚሴ ነው። ካርቱም ከገባሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ አንዱን በሰው ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማኅበራችን በጀብራ የተከራየውን ቤት በኃላፊነት እመራለሁ። እዚያ የምናስጠጋው ከአሠሪዎቻቸው በደል ሸሽተው የሚመጡትን የአገራችንን ሴቶች ነው። ማመልከቻውን በእጄ የጻፍኩት የቢሮው ጸሐፊ ብትተይብልኝ በዚሁ ጉዳይ ከተጻፈላት ሌላ ማስጠንቀቂያ እንዳይጨመርባት ፈርቼ ነው። ንዴቴ ከአክብሮቴ ቀድሞ ከተገኘ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ንዴቴን ግን አልደብቅም።

1. ባለፈው ጥቅምት የፕሮግራም ክፍል ኃላፊው አቶ ጌታሁን የሥራ መሪዎችን በሙሉ ቡሪ ቢሮ ሰብስበው አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስተዋወቁን። ማኅበሩ የሚሠራቸውን ዘጠኙን ሥራዎች፣ ክሊኒኩን፣ የስፌት ሥልጠናውን፣ የእስረኞች ጥየቃውን፣ የጀብራውንም ቤት፣ በአንድ መስኮት የሚያሳይ ነው ተባለ። በደህና የሚሄደው አረንጓዴ፣ የሚያሠጋው ቢጫ፣ የዘገየው ቀይ ይሆናል። ሌሎቹ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያሉ ሲያጉረመርሙ እኔ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። እስካሁን ቤታችንን ቢሮ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው ስላልነበረ፣ ቢያንስ በመስኮቱ በኩል ይታያል ብዬ ነው።

2. መመዝገቢያው ቅጽ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን ይጠይቃል። የእኔ ሥራ የሚያልቅበት ቀን የለውም፤ ሴት ልጅ ከክፉ አሠሪ መሸሽ ስታቆም ያልቃል ብዬ ለአቶ ጌታሁን ነገርኳቸው። «ቀን ካልተሞላ ገጹ አያልፍም፣ የሆነ ቀን ያስገቡ» አሉኝ። የሆነ ቀን ከተባለ የማኅበራችን ዓመት የሚዘጋበት ይሁን ብዬ ሰኔ 30 ቀን 1999ን መረጥኩ።

የምትጽፍልኝ ጸሐፊዋ ሰልሰቢል ነበረች። ሰልሰቢል ወላጆቿ የእኛው ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ የአማርኛ ወር የማታውቅ ሴት ናት። «ኻልቲ፣ ሰኔ ስንተኛው ሸህር ነው?» አለችኝ። ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩና አሥረኛ አልኳት። 30/10/1999 ብላ መታች። «ኻላስ፣ ገባ» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ቤታችን ከሰባት ዓመት በፊት፣ ገና ሳይከፈት፣ ያለቀ ሆኖ ተመዘገበ። የተጀመረበትንም 1995 ብለን በእኛው አቆጣጠር ስላስገባን ቁጥር ከቁጥር አልተጋጨም፤ ሰልሰቢልም የድሮ ሥራ ለማኅደር የማስመዘግብ መስሏት ኖሯል። የሌሎቹ ሥራዎች ወረቀት ከረጂዎች በፈረንጅ ቀን ስለሚመጣ ይህ ጣጣ የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ ነው።

3. ሁለተኛም ስሕተት አለብኝ፣ እሱንም አልሸሽገውም። ቅጹ «ከሥራው ስንት በመቶው ተከናውኗል?» ይላል። በአራት ዓመት በራችንን ካንኳኩት ሴቶች አንዲቷን እንኳ አልመለስንም፤ ስለዚህ መቶ በይልኝ አልኳት። ኩራት ነበር። መቶ የሚባለው ሥራው አልቆ በር ሲቆለፍ መሆኑን ማንም አላስረዳኝም።

4. ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የእኔ ስሕተት አይደለም። ፕሮግራሙ ቀኑ ካለፈ ዘጠና ቀን የሞላውን ሥራ ከዝርዝር አውጥቶ «የተጠናቀቁ» በሚለው ስር ያሰፍራል። አቶ ጌታሁን ያንን ዝርዝር አትመው ፈረሙበት። ጥር 18 ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ፕሮጀክቱ በተሳካ ሁኔታ በመጠናቀቁ» ምስጋና ካቀረበ በኋላ የቤቱን ቁልፍ እስከ የካቲት 21 ቀን እንዳስረክብ ያዝዛል። ደብዳቤው ሲነበብልን አራት ሴቶች ምሳ እየበላን ነበር። ከቡሪ ጀብራ በሐፍላ አውቶቡስ ተሳፍሮ መምጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ አንድ ሰው መጥቶ በሩን ቢገፋው ኖሮ ሥራው ማለቅ አለማለቁን በዓይኑ ያይ ነበር። ማንም አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም።

5. በነጋታው ቢሮ ሄጄ ስሕተቱን አስረዳሁ። ሰልሰቢልም እያለቀሰች መሰከረችልኝ። አቶ ጌታሁን የሰጡኝ መልስ «ሲስተሙ አንዴ የዘጋውን አይከፍትም፤ እንደ አዲስ ፕሮጀክት ያቅርቡና በሐምሌ ከሌሎች ጋር ነጥብ ይሰጠዋል» የሚል ነው። ቀኑን የሚያስተካክል ቁልፍ የለውም ወይ ብላቸው «አለው፣ ግን ዝርዝሩ ለረጂዎች ተልኳል» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተሩ አልከለከለንም፤ የከለከለን አንዴ የፈረሙትን መልሶ መፈረም የሚያሳፍራቸው ሰው ነው። ለሰልሰቢል ደግሞ በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። እውነት በመናገሯ መሆኑን ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም።

6. አሁን በቤቱ ካሉት መካከል ስለ አንዲቱ ላመልክት። ጦይባ ትባላለች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ፓስፖርቷና የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ በማዳሟ እጅ ነው፣ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ጥር 6 ቀን በሩ ተቆልፎባት ከሁለተኛው ፎቅ ሰገነት ዘላ ወደቀችና ጭኗ ተሰበረ። አንድ የረክሻ ሾፌር አንሥቶ ሐኪም ቤት አደረሳት፤ ከዚያ ወደ እኛ መጣች። እስከ መጋቢት 2 ቀን እግሯን መሬት እንዳታስነካ ታዝዛለች። የአሠሪዋ ሾፌር ሁለት ጊዜ ሰፈራችን መጥቶ ባለሱቁን «አንዲት እግሯ የተሰበረ ሐበሻ አላየህም ወይ» ብሎ ጠይቆታል። ባለሱቁ አላህ ይስጠው፣ አላየሁም ብሏል። ይህች ልጅ ወደየት ትሂድ? የአገራችን ሰው ቤት እንዳላስገባት ሁሉም ከሻውን፣ አፈሳውን፣ ይፈራል፤ ፖሊስ ቤት ለቤት ሲያፍስ ወረቀት የሌላት ሴት ከተገኘች ባለቤቱም አብሮ ይታፈሳል። የእኛ አከራይ ሐጃ ግን ማን ገባ ማን ወጣ ብለው አያውቁም። ቁልፉን በአማና፣ በእምነት ብቻ፣ ነው የሰጡኝ፣ ውል እንኳ የተጻፈው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለን አንድ ነው፤ አንድ ዓይን ያለው ደግሞ በአፈር አይጫወትም።

7. ማኅበሩ ሲመሠረት ክቡርነትዎ ባሉበት ተሰብስበን ያልነውን አስታውሳለሁ። ባዕድ አገር የሚደርስልን የለምና እርስ በርሳችን እንድረስ ነበር ያልነው። ዛሬ በተሰበረች ልጅ ላይ በሩን ዘግተን የምስጋና ደብዳቤ ከጻፍን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው በእኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ ቦርዱን ለመዝለፍ አይደለም። ቦርዱ ቤቱ መዘጋቱን ጨርሶ የሰማ አይመስለኝም፤ በመስኮቱ ላይ የሚያየው የተሳካ ሥራ ነዋ።

ስለዚህ የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. ቁልፍ እንዳስረክብ የታዘዝኩበት ደብዳቤ ከየካቲት 21 በፊት እንዲሻርና የቤቱ ቀን በፕሮግራሙ ላይ እንዲስተካከል፤

ለ. ሰው ያለበት ማንኛውም ሥራ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ቢል፣ ከቢሮ አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ሳያይ «ተጠናቋል» እንዳይባል፤

ሐ. የሰልሰቢል ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ እንዲወጣ። ጥፋት ካለ ቆጥሬ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው በእኔ ስም ይጻፍ።

ፕሮግራሙ ይቅር አላልኩም። እንደ ሥራ መሣሪያ ይኑር፤ እኔም ቀኑን በፈረንጅ መቁጠር እማራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ትናንት ጦይባ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና «የሚዘጉት ከሆነ ኻልቲ፣ ቀደም ብለው ይንገሩኝ፤ ተሸክመው ከሚያወጡኝ ዳዴም ብዬ በራሴ ልውጣ» አለችኝ። ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ገብቼ ማንም አያወጣሽም አልኳት። ይህን ቃል የሰጠሁት ማንንም ሳላስፈቅድ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

የካቲት 21 ቀን ከቢሮ ሰው ቢመጣ በሩን እከፍትለታለሁ፣ ውኃም አቀርብለታለሁ። ቁልፉን ግን አልሰጠውም። ቤቱ ያለቀ ነው የሚል ከሆነ ይግባ፣ ጦይባን ከአልጋዋ ራሱ ያንሣትና በር ድረስ ያድርሳት፤ ያን ጊዜ ቁልፉን ከእጄ ይቀበላል።

ውሳኔዎን በጉጉት እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሉጥፊያ ሙሐመድአወል
የጀብራ የሴቶች መጠለያ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለፕሮግራም ክፍል ኃላፊ ለአቶ ጌታሁን