ማቀዝቀዣ ያልተገኘበት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል

ቀን፦ ሚያዝያ 14

ለአረንጓዴ ሕንፃ ምዘናና ምስክርነት ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በማቀዝቀዣ መሣሪያ ረገድ የተሰጠን ዜሮ እንደገና እንዲታይልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የሠፈራችን መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ሃያ ሁለቱ ልጆቻችን እስካሁን የሚማሩት በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አላስቀምጥ ስለሚል ፊደል የማስቆጥራቸው ግንባራቸውን በእርጥብ ፎጣ እየጠረግሁ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ሕፃን ራሷን ስታ እጄ ላይ ወደቀች። እሷ ደህና ሆነች፤ እኔ ግን በዚያ ክፍል ሌላ ዓመት እንደማላስተምር ለራሴ ማልሁ።

2. ስለዚህ ከግንበኛው ታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ አሮጌ መጋዘን ማደስ ያዝን። ወንድሜ የቆመ ነገር ማፍረስ አይወድም። ወፍራሙን የጡብ ግድግዳ እንዳለ ትቶ ጣሪያውን ነጭ ቀባው፤ ከኮርኒሱ ሥር በሁለቱም ወገን ትይዩ መስኮቶች ከፈተ፤ የዝናቡን ውኃ የሚያጠራቅም በርሜልና አሸንዳ ገጠመ። የመጨረሻው መስኮት የተከፈተ ዕለት መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ "እህቴ፣ ነፋሱ ገባ! ነይ ድረሽ!" ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም በዕድሜያችን የማያምርብንን ያህል ጨፈርን። ይህ ለቢሮው አስፈላጊ መረጃ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ሳልጽፈው ማለፍ ግን አልቻልኩም።

3. የቢሮው መዛኝ መጋቢት 26 ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው መጡ። ወደ ታደሰው ክፍል አስገብተን ወንበር አቀረብንላቸው። ጥቂት እንደተቀመጡ ኮቱን ለበሱት። ከዚያም "ማቀዝቀዣው የት ነው የተገጠመው?" አሉ። "የለንም" አልኋቸው። "ኧረ አይቀልዱብኝ እትዬ!" ብለው መጋረጃውን ገለጡ፤ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፤ በመጨረሻም ተንበርክከው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ወንድሜ ሳቁ አላስችል ብሎት ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም ለቢሮው ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ አፌን በመሐረብ ይዤ ነበር።

4. ሆኖም በደረሰን ውጤት ላይ "የማቀዝቀዣ መሣሪያ ብቃት" ከሚለው ፊት ለፊት "መሣሪያ የለም፤ ዜሮ" ተብሎ ተጽፏል። በዚህ የተነሳ ምስክር ወረቀቱ በሦስት ነጥብ አመለጠን፤ ያለ እሱ ደግሞ የመክፈቻ ፈቃድ አይሰጠንም። መዛኙን አልወቅስም። ቅጹ የጠየቃቸው የመሣሪያውን ዓይነት እንጂ ክፍሉ ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ አይደለም።

5. የሚከተለውን መደበቅ ደግሞ ነውር መስሎ ታየኝ። ባለፈው ሰኞ እኚሁ መዛኝ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የያዙት መዝገብ ሳይሆን የአራት ዓመት ልጃቸውን እጅ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሲከፈት ለእሷ የሚሆን ቦታ ይኖራችኋል?" አሉኝ። ልጅቱን መዘገብኋት፤ በሩን ዘግቼም ብቻዬን እስኪበቃኝ ሳቅሁ።

6. ስለሆነም የክፍሉ ሙቀት በመለኪያ ተለክቶ ነጥባችን እንዲስተካከልልን በትሕትና አመለክታለሁ። አድልዎ ተደረገ እንዳይባልም ለዳግም ምዘናው ሌላ ባለሙያ ይመደብልን። ከተቻለ ትንሽ ልጅ የሌላቸው ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ የቀረን ቦታ ሁለት ብቻ ነው።

ከአክብሮትና ልደብቀው ካልቻልሁት ደስታ ጋር፣

(ፊርማ)
የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት